ጧፍ ጧፍ የሚሸት ዲስክ

ላሊበላ ጌም ቤት የከፈትኩት በአንድ ማሽን ነው። ታዲያ የገና በዓል ደርሶ ከተማው በእንግዳ በተጨናነቀበት ሳምንት፣ ማሽኑ ዲስክ አላነብ ብሎኝ ቁጭ አለ። ብገለብጠው፣ ዲስክ ብቀይርለት፣ ወይ ፍንክች። ጋሸና ከተማ ላለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ብደውልለት፣ «ዲስኩን የሚያነበው ሌንስ አልቋል እህቴ፣ አትድከሚ፤ ሌላ ግዢ» አለኝ። አላመንኩትም።

ዲስኩን አንስቼ ወደ ብርሃን ሳቀርበው የጣት አሻራ አየሁበት። ሳሸተው ደግሞ ጧፍ ጧፍ ይላል። ለካ ደንበኞቼ ዲያቆናቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ፣ ሰም በነካው እጃቸው ነው ክዳኑን ከፍተው ዲስክ የሚቀያይሩት። ማሽኑን ፈታሁት። እውነትም ሌንሱ ላይ ስስ ሰም ተለጥፎበታል። ጥጥ አረቄ ውስጥ ነክሬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቀስ እያልኩ ጠረግሁት። ገጥሜ ስከፍተው ዲስኩ ተሽከረከረ፣ የኳስ ሜዳውም ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣ። በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ የነበረ አንድ ዲያቆን አንገቱን ደፍቶ፣ «እኛ ነን እንዴ ያሳወርነው እትዬ?» አለኝ።

«እናንተ አሳወራችሁት፣ እኔ አበራሁት» አልኩት፤ ደረቴን ነፍቼ።

ገና ካለፈ በኋላ የጋሸናው ጠጋኝ ራሱ ደወለ። «ዲስክ የማያነብ ማሽን መጥቶልኛል፤ ያንቺ መዳኑን ሰማሁ፤ ምን አድርገሽው ነው?»

«መጀመሪያ ዲስኩን አሽትተው» አልኩት።