ከሰረዟ ወዲያ

«ጎመኑ ዘንድሮ አልጠቀለል ብሎ ፍዳዬን ነው ያበላኝ፣ ኢሊንካዬ። ግን ጣፈጠ አይደል? ብዪ እንጂ፣ ምን ትግደረደሪያለሽ! ዝናቡም ያዘልን... ለኔ ተዝካር ሲል ደመናውም ይሉኝታ ያዘው መሰለኝ።»

እማማ ሳፍታ የተቀመጡት በገዛ ተዝካራቸው ገበታ ራስጌ ላይ ነው። በዚያ መንደር ያረጀ ሰው ተዝካሩን በቁሙ ያወጣል፤ ቄስ ይባርካል፣ ጎረቤት ይበላል፣ ባለተዝካሩም አብሮ ይበላል። ቄሱ የንፍሮውን ሳህንና ዳቦውን ባርከው ሄደዋል። ፊት ለፊት የወንድማቸው ልጅ ሊቪዩ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ ሥጋ የተጠቀለለበትን ጎመን ይሰለቅጣል። ለምን አይሰለቅጥ? ሰኞ ውል አዋዋይ ዘንድ ቀጠሮ አላቸው። እሱ አክስቱን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሊጦር፣ እሳቸው ቤቱንና የወይን ቦታውን ሊያወርሱት። ዛሬ ግን አክስቱ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለው አላዩትም። የሚያወሩት አጠገባቸው ለተቀመጡት ለጎረቤታቸው ለኢሊንካ ነው። ኢሊንካ ጆሯቸው ይከብዳል፤ ስለዚህ እማማ ሳፍታ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሃያው እንግዳም ይሰማል።

«እኔማ ተሰናድቼ ጨረስኩ። የመቀበሪያ ልብሴ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ጫማው ሳይቀር። ሻማው አለ። ለቀባሪ የሚታደለው ፎጣም ታጥፎ ታስሯል። የመቃብር ድንጋዬስ ቢሆን ቆሞ የለ? አየሽው ድንጋዬን? ማን እንዳቆመልኝ... ተዪው፣ አንድ ደግ ሰው በይው። ደግ ሰው መቼ ጠፋ!»

ሊቪዩ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ድንጋዩን ያቆመው እሱ ነው።

«ትናንት ለዛሬ ላጥበው ብዬ ወደ መቃብሩ ሄድኩልሽ። ከፊቱ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል። ቢጫ፣ የተንዠረገገ፣ ዓይን የሚሞላ! ግን ደጉ ሰው ምን አሳስቦት ይሆን ልክ ጽሑፉ ላይ አስጠግቶ የደቀነው? ፀሐይ እንዳይመታው ይሆን? ድንጋዩን ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ውሃ ላጠጣው ብዬ ገፋ ሳደርገው...»

የሊቪዩ ሹካ አፉ ሳትደርስ ቆመች።

«ዓይኔን እንኳ ታውቂዋለሽ፣ ደክሟል። ጣቴ ግን እግዜር ይመስገን ጤነኛ ነው። ስሜን ዳሰስኩት፤ አለ። የተወለድኩበትን ዓመት ዳሰስኩት፤ አለ። ከዚያ ሰረዟን አገኘኋት። እስቲ ንገሪኝ፣ ባንቺ ድንጋይ ላይ ከሰረዟ ወዲያ ምን አለ? ምንም! የሁላችንም እንደዚያው፣ ልሙጥ ነው፤ የመሞቻው ዓመት ቦታ የእግዜር ነዋ። የኔ ግን... እሰይ፣ ሞልቶልኛል! አራቱም ቁጥር ጥንቅቅ ብሎ። የየትኛው ዓመት መሰለሽ? የዘንድሮ!»

ሊቪዩ ዓመቱን ያስቀረጸበትን ቀን ዛሬም ይረግመዋል። መጋቢት ላይ አክስቱ በሳንባ ምች ወድቀው፣ ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ፣ ድንጋይ ቀራጩ ደግሞ «ለአራት ቁጥር ብዬ ከከተማ ድረስ ተመልሼ አልመጣም» ብሎ ሲያፋጥጠው «እንግዲያው ሙላው» አለ። አክስቱ በፋሲካ ተነሥተው ግቢው ውስጥ ዶሮ ሲያባርሩ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ሊቪዩ ሥራው አበባ መደርደር ሆነ።

«ምን ያስቅሻል፣ አንቺ! ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል ሲሉ አልነበር? ይኸው አሳቢው አስቦ፣ አስቀርጾ፣ ለእግዜር የቀረችው መፈጸሟ ብቻ ናት። ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላልም ይላሉ... እንዳይመስለኝ የሚያስታውሰኝ ሰው እያለ ምን ቸገረኝ? ያንቺ ልጆች መቼ እንዲህ ይጣደፉልሻል? እንጨት መፍለጥ፣ ‹እማዬ፣ እንዴት አደርሽ› ማለት... ምን ዋጋ አለው፣ ከዚያ አያልፉም!»

ሊቪዩ «እኔን ነው እንዴ?» ቢል በገዛ አፉ ማመኑ ነው። ዝም ቢልም ፊቱ ቀይ ሥር መስሏል።

«አልዋሽሽም፣ ኢሊንካዬ፣ እዚያው ድንጋዩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወልጄ አልሳምኩም። ‹ግዴለም፣ እሱ አለኝ› እያልኩ ነው የኖርኩት። ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ። እንባዬን ጠርጌ የሰኞዋን ጉዳይ አሰብኳት። ኅዳር ገብቷል። ዓመቱ በታኅሣሥ መጨረሻ ሊያልቅ ሰባት ሳምንት ቢቀረው ነው። ለሰባት ሳምንት ብዬ ሰው በጧሪነት ውል ላስር? ግፍ አይሆንብኝም? ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ውል አዋዋዩ ዘንድ ደወልኩና ‹ልጄ፣ ቀጠሮዬን ለጥር አድርግልኝ› አልኩት። እስከዚያ ብሄድ እንኳ ኑዛዜዬን በእጄ ጽፌ ለቄሱ ሰጥቻለሁ፤ ቤቱም ወይኑም ለቤተ ክርስቲያን። ድንጋዩ ከዋሸ ግን... ምን ይደረጋል፣ በጥር ጧሪ እንፈልጋለን። እንጨት መፍለጥ የሚያውቅ ይሁን እንጂ ቁጥር ባያውቅም ግዴለም።»

ሊቪዩ ጎመኑን ወዲያ ገፋ አድርጎ አረቄውን ጨለጠ። እማማ ሳፍታ ተነሡ። በተዝካር ወግ ለእንግዳው ሁሉ ሳህን፣ ፎጣና ሻማ አደሉ፤ ለሊቪዩም ሰጡት፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ በፍቅር አስተካከሉለት። ከዚያ ዞረው የኢሊንካን እጅ ያዙ።

«በይ እስቲ ያን ደግ ሰው እንመርቀው፤ ያለ ምርቃት አይለፍ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ሰማንያን ይለፍ፣ ዘጠናን ይድፈን፣ ጥርሱ አይርገፍ። ልጆቹ ይባረኩለት፤ አባታቸውን ይምሰሉ። እሱ ለኔ ያሰበልኝን ያህል፣ እነሱም ለሱ ያስቡለት... አንዲት ቁጥር እንኳ አትጉደልበት። አሜን በሉ እንጂ!»

ከሁሉም ቀድመው «አሜን!» ያሉት የሊቪዩ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩ።