ከቡድኑ ጋር ተነጋግረናል

ማስጠንቀቂያ ማለት ጉዳት ከመድረሱ በፊት፣ ጉዳቱ ሊደርስበት ለሚችል ሰው የሚነገር ቃል ነው። ከደረሰ በኋላ የሚነገረው ወቀሳ ይባላል፤ እሱን ሁሉም ሰው ያውቅበታል። በዚያ መሥሪያ ቤት ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው አንድ ፈታሽ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ኮድ ሳያስነሳ፣ እንዲሁ መስመር በመስመር እያነበበ «እዚህ ጋ ስህተት አለ» ይላል። ፈታሹ ያለውን ደግሞ ለፕሮግራመሮቹ የምታስረዳ አንዲት ሴት ተቀጥራለች፤ አስረጂዋ ይሏታል። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርቷል። ጉዳዩ አንድ ነው፦ ከፈታሹ ሪፖርት ላይ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር ከጠፋ ወዲያ አስረጂ ታስፈልጋለች ወይ?

ፕሮግራሞቹን የምትሞክረው ጓደኛዋ ምሳ ክፍል ስትገባ አስረጂዋን እያለቀሰች አገኛታለሁ ብላ ነበር። አስረጂዋ ግን ፊቷ በርቶ ሾርባዋን እያማሰለች ነው። ከጀርባዋ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ የፕሮግራመሮቹ አለቃ ብቻውን ተቀምጦ ሩዝ ይበላል። ሞካሪዋ ስትቀመጥ ፊት ለፊት የምታየው እሱን ሆነ።

«ነይ የኔ እናት፣ ተቀመጪ። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፣ ግን ትኩስ ነው። መስኮቱን አየሽልኝ? ጠርገውታል። ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉ ነገር ንጹሕ ሆኖ ዋለ... መስኮቱ ንጹሕ፣ ሪፖርቱ ንጹሕ።

ሪፖርቱን አይተሽዋል አይደል? ያን ሁሉ ቀይ፣ ያን ሁሉ ቢጫ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አረንጓዴ አደረገው። እኔ ሞኟ እያንዳንዱን ፕሮግራመር አጠገቤ አስቀምጬ ስለማመጥ ኖርኩ። "ወንድሜ፣ ፈታሹ እየሰደበህ አይደለም። ይሄ ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላልና፣ ከመጠቀምህ በፊት ነገሩ መኖሩን አረጋግጥ ነው የሚልህ" እላለሁ። እስኪገባው፣ ገብቶት እስኪያርመው ግማሽ ቀን ይሄዳል። ለካ እንዲህ አይሠራም። ለካ ከስህተቱ በላይ አንዲት መስመር ጽፈሽ "ይህን እለፈው" ትይዋለሽ፣ አለቀ። ፈታሹ እንደሆነ ጨዋ ነው፤ እለፍ ሲሉት ያልፋል።

ምክንያት ይጠይቃል እንጂ... ምክንያት ካልጻፍሽለት ንቅንቅ አይልም። እና ምን ተጽፎ አገኘሁ መሰለሽ? "ከቡድኑ ጋር ተነጋግረናል።" ሁሉም ላይ፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ። ደስ አይልም? ስንት አለቃ አለ እኮ ማንንም ሳያማክር የሚወስን። ቡድኑን መቼ ተነጋገራችሁ ብዬ ብጠይቅ ግን አንዱም አያስታውስም... ትሕትናቸው ይሆናል። ወይም ደግሞ ሰውዬው ከራሱ ጋር ነው የተነጋገረው። ከራስ ጋር ሲነጋገሩ መቼም ስምምነት አይጠፋም።»

ወደ አለቃው አፍ እየሄደ የነበረው ማንኪያ መንገድ ላይ ቆመ። ሞካሪዋ ቶሎ ብላ ዳቦ ጎረሰች፤ አለዚያ መሳቋ ነው።

«አትሳቂ እንጂ፣ የምሬን ነው የማመሰግነው። ግልጽነቱንስ አየሽው? የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ በግላጭ ተቀምጧል፣ ያለፈ ያገደመ እንዲያነበው። እኔ ብሆን እደብቀው ነበር። እሱ ግን ምን የሚደብቀው አለው... "ከቡድኑ ጋር ተነጋግረናል።"

ደግሞ ያ ለሐኪም ቤቱ የምንሠራው የቀጠሮ ገጽ። ሁለተኛ ስልክ ቁጥር የሌለው አንድ በሽተኛ ከተመዘገበ፣ የዚያን ቀን ቀጠሮ በሙሉ አይከፈትም። ፈታሹ ስንቴ ጮኸ። ግን እስቲ አስቢው፣ አንድ ስልክ ብቻ ይዞ የሚታመም ምን ዓይነት በሽተኛ ነው? መጀመሪያ ስልኩን ያሟላ፣ ከዚያ ይታመም። እንዲህ ያለ አርቆ ማሰብ እኔ ከየት አመጣለሁ?

ስለ ወንበሬ አትጨነቂ። ቢያነሱትም እዛ ጥግ ላይ አበባ ይቀመጥበታል፣ ያምራል። ስህተት የማይሠራ ሰው ባለበት ቤት አስረጂ ምን ታስረዳለች? እኔ የምሰጋው አንድ ነገር ብቻ ነው... ሥራ አስኪያጁ ድንገት "እስቲ እነዚያን የእለፈው መስመሮች አንሱና ፈታሹን እንደገና አስነሱት" ያለ እንደሆነ። አይልም። ማን ይነግረዋል? እኔ? ሰው አመሰግናለሁ እንጂ አሳጣለሁ እንዴ? ደግሞስ የጻፋቸው ሰው ራሱ ሊያነሳቸው ቢፈልግ ከስብሰባው በፊት ጊዜ አለው፤ ሩዙን ቢተወው... ግን ለምን ብሎ?»

ሞካሪዋ የአለቃውን ጆሮዎች አየች። ከሪፖርቱ ላይ የጠፋው ቀይ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። አለቃው ሩዙን ትቶ ሲነሳ፣ ወንበሩም ወለሉን ሲፍቅ፣ አስረጂዋ ዞር አላለችም። ድምፅዋን ብቻ ትንሽ ከፍ አደረገች።

«ብቻ እግዜር ይባርከው። እድሜና ጤና ይስጠው። ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር ምንም አይገኝበት... ከተገኘበትም ልክ እንደ ራሱ ያለ፣ ለሰው የሚያስብ ሐኪም ይግጠመው። ውጤቱን አይቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ "ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረናል" ብሎ የሚያልፍለት።»

ስብሰባው በሰዓቱ ተጀመረ። ሪፖርቱ ግድግዳው ላይ ሲበራ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ፣ አለቃው «ከቡድኑ ጋር ተነጋግረን ስህተቶቹ እንዲታረሙ ወስነናል» አለ። የአስረጂዋ ወንበር አልተነሳም።