ሰም የጠጣ ፍሬን

ጎሃ ጽዮን፣ ወደ አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ያለ ጋራዥ፣ ጠዋት፤ ንብ አናቢው ይስማው ቀፎ የጫነ ተሳቢ ከፒክአፑ ኋላ አቁሟል፣ መካኒኩ ጋሽ ዲንቃ የተሳቢውን ጎማ ፈትቶ የፍሬኑን ሸራ በእጁ ይዟል።

ይስማው፦ መልሰው ይግጠሙልኝ ብያለሁ ጋሽ ዲንቃ። የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።

ጋሽ ዲንቃ፦ ብታውቅማ እኔ ደጅ ምን አመጣህ? ና፣ ይቺን ሸራ ዳብሳት።

ይስማው፦ ለስላሳ ናት።

ጋሽ ዲንቃ፦ የፍሬን ሸራ ምን ሲል ይለሰልሳል? አሽትታት እስቲ።

ይስማው፦ ሰም ሰም ትላለች።

ጋሽ ዲንቃ፦ ግራሶ የገባበት ፍሬን ፈትቻለሁ፣ ጭቃ የገባበት ፈትቻለሁ፣ አንዴ አይጥ የወለደችበትም ፈትቻለሁ። ሰም የተቀባ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ማነው የቀባው?

ይስማው፦ እኔ ነኝ። ክረምቱን ተሳቢው ሰላሌ አማቶቼ ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲደበድበው ከረመ። ብረት አይደል፣ ይዝጋል ብዬ ሰጋሁ። እኛ ቤት ማጭዱም መጥረቢያውም ሰም ተቀብቶ ነው የሚከርመው።

ጋሽ ዲንቃ፦ ማጭድ እንዲቆርጥልህ ነው የምትፈልገው። ይሄ እንዲይዝልህ ነው። መንሸራተት ካማረን ፍሬን ምን ያደርግልናል?

ይስማው፦ የሸጠልኝ ሰውዬ ነዋ። «የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለውን ግዛ፤ እንደ ትልልቆቹ አየር አይል፣ ዘይት አይል፣ ሽቦውን ከመኪናህ ማገናኘት ብቻ ነው» አለኝ። ምንም የማይፈልግ ነገር የት አገር ያለ? አሳዘነኝና ያለኝን ቀባሁት።

ጋሽ ዲንቃ፦ ምርጫህስ ደህና ነበር። ፒክአፕ ለሚጎትተው ተሳቢ ከዚህ የተሻለ የለም። ትረግጣለህ፣ ኤሌክትሪኩ ይመጣል፣ ማግኔቱ ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡር ላይ ተጣብቆ ይሳብና ሸራውን ገፍቶ ያስይዘዋል። ግን ዝናብ ሲያባራ ተከፍቶ ይጸዳል፤ ማግኔቱም ሸራውም ምን ያህል እንደተበላ ይታያል፣ የላላው ይጠበቃል። ዝም ብሎ አይታደርም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

ይስማው፦ ተረቱን ከርሞ ይጨርሱልኝ። ፀሐይዋን ይዩ። ሌሊቱን በብርዱ አባይን ተሻግሬ፣ ጎህ ሲቀድ ቢቸና ኑግ አበባው መሃል ላራግፋቸው ነበር። ከገብረ ጉራቻ ወዲህ ባለችው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ገፋኝ። ፍሬኑ እስኪበርድ ብዬ ስጠብቅ ነጋብኝ። ይሰማዎታል ድምፃቸው?

ጋሽ ዲንቃ፦ ይሰማኛል። ስትመጣ እንዲህ አይጮሁም ነበር።

ይስማው፦ እየታፈኑ ነው። የቀፎዎቹን አፍ በሽቦ ወንፊት ዘግቼዋለሁ። ሙቀት ሲበዛባቸው በክንፋቸው ያራግባሉ፤ ባራገቡ ቁጥር ይብሳል። ከዚያ የማር እንጀራው ቀልጦ ይናድና በገዛ ማራቸው ሰጥመው ያልቃሉ። በሬዎቼን ሸጬ ነው ያበዛኋቸው ጋሽ ዲንቃ። መሬቱ የወንድሜ ነው። ከእነሱ በቀር የኔ የምለው ነገር የለኝም።

ጋሽ ዲንቃ፦ አይዞህ።

ይስማው፦ በቤንዚን ይጠብልኝ ታዲያ።

ጋሽ ዲንቃ፦ አጥቤው እኮ ነው የዳበስከው። ላይ ላዩ ይለቃል፣ ውስጡ ግን ጠጥቶታል። ጧፍ ሆኗል በለው። ቁልቁለቱን ስታጋምስ ይግልና ሰሙ ተመልሶ ይወጣል። አንተ ትረግጣለህ፣ ማግኔቱም ሥራውን ይሠራል፣ የሚይዝ ነገር ግን የለም።

ይስማው፦ አዲስ ሸራ ከየትም ፈልገው ይግጠሙልኝ።

ጋሽ ዲንቃ፦ አዲስ አበባ ደውያለሁ። ዛሬውኑ ቢልኩት ማታ ነው የሚደርሰው። በዚህ መንገድ የሚወርደው ሁሉ በአየር ፍሬን ነው፤ ያንተን ዓይነት እዚህ ማን ያስቀምጣል?

ይስማው፦ ማታማ ሬሳ ነው የማራግፈው።

ጋሽ ዲንቃ፦ እዚሁ ክፈታቸው። ከጋራዡ ጀርባ ሜዳ አለ።

ይስማው፦ ሌሊቱን ሙሉ ሲንገጫገጩ አድረው፣ እንዲህ ተቆጥተው? ከወጡ አይመለሱም፤ ይኮበልላሉ። ደግሞ ዛሬ ገበያ ነው። ያገኙትን አህያ፣ ያገኙትን ሰው ይነድፋሉ።

ጋሽ ዲንቃ፦ የሚኮበልለው ይኮበልል፣ ጥቂቱ ይቀርልሃል።

ይስማው፦ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። ጥቂቱን ይዤ የት ልደርስ?

ጋሽ ዲንቃ፦ አባይ ግርጌ ከመድረስ ይሻልሃል።

ይስማው፦ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። የመኪናዋ ፍሬን ደህና ነው።

ጋሽ ዲንቃ፦ መኪናዋ ራሷን ትይዛለች። ከኋላ የሚገፋትን ማን ይያዝላት? ኩርባ ላይ አንዴ ገፋ ካደረጋት አጥፎ ነው የሚጥላት።

ይስማው፦ ውሃ በጀሪካን ይዣለሁ። ታምቡሩ ሲግል እያቆምኩ አፈስበታለሁ።

ጋሽ ዲንቃ፦ ይኸውልህ፣ ሌላ ጥበብ ደግሞ። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ስታፈስ ይሰነጠቃል። የማይቆም መኪናስ በምን አቁመህ ነው የምታፈስበት?

ይስማው፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ጨንቆኛል ጋሽ ዲንቃ፣ ይረዱኝ።

ጋሽ ዲንቃ፦ እሱስ ልጅ ያገኛል። አንተ የምታገኘው ገደል ነው።

ይስማው፦ ከላይ የታዘዘ አይቀርም። ይግጠሙት።

ጋሽ ዲንቃ፦ ከላይ ሰም ቅባ ብሎ ያዘዘህ የለም። ቆይ፣ ቅድም እዚህ ስትቆም ከጋቢናው ሕፃን የታቀፈች ሴት ስትወርድ አይቻለሁ። ማናት?

ይስማው፦ ሚስቴ ናት።

ጋሽ ዲንቃ፦ የታለች አሁን?

ይስማው፦ ወደ ደጀን በሚሄደው አውቶቡስ አሳፈርኳት። ጋቢናው ለሕፃኑ ይሞቃል ብዬ።

ጋሽ ዲንቃ፦ እስከዚህ ድረስ አልሞቀውም?

ይስማው፦ በረሃው ይብሳል።

ጋሽ ዲንቃ፦ በረሃው ለአውቶቡስም በረሃ ነው።

ይስማው፦ ምን እንድልዎት ነው የሚፈልጉት?

ጋሽ ዲንቃ፦ እውነቱን።

ይስማው፦ ፈርቻለሁ። ከሞትኩም ብቻዬን ልሙት ብዬ አወረድኳት። እሷ አታውቅም፣ «ደጀን ጠብቂኝ» ነው ያልኳት። ግን ባዶ ተሳቢ እየጎተትኩ ፊቷ መቆም አልችልም። ሙሽራ ሆና የመጣችበትን ጌጥ ሸጣ ነው የመጀመሪያዎቹን ቀፎዎች የገዛችልኝ። አንድ ቀን እንኳ «የኔ ጌጥ» ብላ አታውቅም። እንዴት አድርጌ ነው አለቁ የምላት?

ጋሽ ዲንቃ፦ እሺ። መፍቻውን አቀብለኝ።

ይስማው፦ ሊገጥሙልኝ?

ጋሽ ዲንቃ፦ ምን ላድርግ፤ ትልቅ ሰው ነህ፣ አስሬ አላስቀምጥህ። ጠበቅ አድርጌ እገጥምልሃለሁ። መንገር ያለብኝን ነግሬሃለሁ።

ይስማው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ውለታዎን አልረሳም።

ጋሽ ዲንቃ፦ አትመርቀኝ። ይልቅ ያ አውቶቡስ ወጥቷል?

ይስማው፦ አሁን ነው የሚወጣው። ያውና፣ ክላክሱ ይሰማል። ምነው?

ጋሽ ዲንቃ፦ አሮጌ ነው፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ጭኗል። በረሃውን እያዘገመ ነው የሚወርደው፤ ማንም ይደርስበታል።

ይስማው፦ ቀስ ማለቱ ለእነሱ ጥሩ ነው።

ጋሽ ዲንቃ፦ ለእነሱማ ጥሩ ነበር። ፍሬንህ ሲከዳህ ግን ይስማው፣ በመንገዱ ላይ ከፊትህ ያለው እሱ ነው።

ይስማው፦ መፍቻውን ያስቀምጡት። ገበያተኛውን ከነከብቱ ከሜዳው ያርቁልኝ ጋሽ ዲንቃ፤ ልከፍታቸው ነው።