ሁለት ነፍስ ያጠፋሁ ዕለት

እዚህ ደብረ ታቦር የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ተማሪ ሳለሁ የጀመርኩትን አንድ አሮጌ ጌም በኮምፒውተሬ እጫወታለሁ። ጀግናው ጎራዴ የታጠቀ ጎባጣ ሽማግሌ ነው፤ እንደሱ የምወደው የጌም ሰው የለም። ሦስት ነፍስ ይዞ ይነሳና የሚናደው ድልድይ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያልቅበታል።

በቀደም ዓይናቸው የማያይ የዜማ መምህር፣ የኔታ፣ ለንግሡ በዓል የጥሪ ወረቀት ሊያስጽፉ መጡ። ወረቀቱ እስኪወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ጭራሽ ረስቻቸው፣ "ኤጭ! ሁለት ነፍስ አጠፋሁ!" ብዬ ጮህኩ።

መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ። "በስመ አብ! የማንን ነፍስ ነው ያጠፋኸው?"

እያፈርኩ ስለ ሽማግሌው አስረዳኋቸው። አልሳቁም።

"ስንት ነፍስ ቀረው?"

"አንድ፣ የኔታ።"

"እንግዲያ ገና አሁን ሰው ሆነ። በል ተጠንቀቅለት።" ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አዘነበሉ። "ስሰማው ነበር። ድልድዩ ሊናድ ሲል ዜማው ትንፋሽ ይወስዳል። ያን ጊዜ ይዝለል።"

ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። እውነትም ዜማው ቀጥ አለ! ቁልፉን ተጫንኩት፤ ዘለለ፤ ማዶ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ከፍቼው ስኖር ለካ አንድም ቀን አልሰማሁትም።

"ተሻገረ?"

"ተሻገረ፣ የኔታ።"

"ተመስገን" ብለው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ።

እኔ ግን ሽማግሌውን እስከ ዛሬ እዚያው እንዳቆምኩት ነው። አንድ ነፍስ ብቻ ያለውን ሰው እንዴት ብዬ ልጫወትበት?