የማሰናበቻ ምርቃት

አቶ ፈለቀ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ አሰንዳቦ ላይ ጎማው ፈነዳና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በየሻይ ቤቱ ተበተነ። እሳቸውም ፀሐዩን ሽሽት አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ጎራ ሲሉ፣ ጥግ ይዛ የተቀመጠች ወጣት ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ሔራን ነበረች፤ የባለቤታቸው የክርስትና ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ከሆነች ወዲህ አላዩዋትም። እሷም ለሥራ ወጥታ ወደ ጅማ የሚመልሳት መኪና እየጠበቀች ነው።

የሁለቱም ቤተሰብ ደኅንነት ተራ በተራ ተጠያይቆ ሲያልቅ ጨዋታው ወደ ሥራ ዞረ። አቶ ፈለቀ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት አላቸው። ማሽኑ ቡናውን ያበጥራል፤ ሴቶቹ ደግሞ በረጅሙ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ይለቅማሉ። አቶ ፈለቀ ስለ ድርጅታቸው ማውራት ይወዳሉ። ስለ ራሳቸው ደግነት ሲሆንማ ማቆሚያ የላቸውም።

«አንቺ ስለ ሠራተኛ መብት የተማርሽ ልጅ ነሽና ይህን ስሚኝ» አሉ። «እኔ ዘንድ ሴት ስታረግዝ አቧራ ውስጥ አላንገላታትም። ሆዷ ገፋ ማለቱን እንዳየሁ ሠራተኛውን ሁሉ እሰበስባለሁ። ለገንፎዋ ቅቤ፣ ለአራስነቷ በግ እሰጣታለሁ። ከዚያ ቆሜ በሰላም ተገላገይ፣ ቤትሽ ይሙላ ብዬ መርቄ እሸኛታለሁ። ከጅማ ነጋዴ ማን ይህን ያደርጋል?»

«ከወለደች በኋላስ አባባ?»

«ከወለደች በኋላማ ልጇን ታሳድጋለች።»

«ሥራዋስ?»

«በቦታዋ ሌላ ትገባለቻ። ጠረጴዛው ባዶውን ይቀመጥ እንዴ?»

ሔራን ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ትንሽ አሰብ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ታዲያ ሴቶቹን በምርቃት ነው የሚያባርሯቸው ማለት ነው።»

አቶ ፈለቀ ክው አሉ። ነጋዴ ናቸውና በብዙ ነገር ተሰድበው ያውቃሉ፤ በደግነታቸው የሰደባቸው ሰው ግን እስከዚያች ቀን አልነበረም።

«ሕጉ እርጉዝ ሠራተኛ በእርግዝናዋ ምክንያት አትሰናበትም ይላል» አለች ሔራን ድምፅዋን ሳታነሣ። «ከመውለዷ በፊትም ከወለደች በኋላም ከነደመወዟ ታርፋለች፤ ስትመለስ ቦታዋ ይጠብቃታል።»

«ሳትሠራ ደመወዝ? የእኔ ድርጅት ነው ወይስ የእርዳታ ጣቢያ?»

«ወንድ ሠራተኛ ታሞብዎት አያውቅም?»

«ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቲጃኒ አምና እግሩ ተሰብሮ ከርሟል። ደመወዙንም አልከለከልኩት፣ ቦታውንም ጠብቄለታለሁ። ልምድ ያለው ሰው እንዴት ይለቀቃል?»

«በግ ሰጥተው፣ መርቀው አልሸኙትም?»

«እሱ እኮ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» አሉ አቶ ፈለቀ።

«ሴቶቹስ ማንን ነው የሚያስተዳድሩት? ደግሞስ ማሽኑ ላይ ለምን ሴት የለችም?»

«ሴት ማሽን አታውቅም ልጄ።»

«ቲጃኒ ሲወለድ ያውቅ ነበር?»

«አስተምረነው ነዋ» አሉና ወዲያው ባልተናገርኩ አሉ በልባቸው። እዚህ ላይ በአቶ ፈለቀ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ክፋት ያለበት ሰው ቢሆኑ ሔራን ሕጉን ጠቅሳ ባስፈራራቻቸው፣ ነገሩም በዚያው ባለቀ ነበር። በቅን ልብ የሚበድል ሰው ግን የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ በደሉን ስትነግሩት ውለታውን ይቆጥርላችኋል።

«ለማንኛውም ፈጣሪ ይመስገን» አሉ ነገሩን ለመዝጋት፣ «ዘንድሮ አንዷም አላረገዘችም።»

«ያ ሁሉ ሴት፣ አብዛኛዋ ባለትዳር፣ አንዷም? አባባ፣ ይህ አላስገረመዎትም?»

አላስገረማቸውም ነበር። አሁን ግን ጥርጣሬ ገባቸው። ይህን ስሜታቸውን ደግሞ በቁጣ ሸፈኑት፤ «እንግዲያው ነይና ራሳቸውን ጠይቂያቸው» አሏት። ጎማው ተቀይሮ በዚያው አውቶቡስ አብረው ጅማ እንደገቡ ባጃጅ ይዘው በቀጥታ ቦሳ ኪቶ ወረዱ።

ማሽኑ እንዲቆም ተደርጎ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ከጠረጴዛው ራስ ላይ ኩልሱም ተቀምጣለች። ከለቃሚዎቹ ሁሉ ነባር እሷ ናት፤ እጇ የተባረከ ነው ይሏታል። አቶ ፈለቀ በሚመጣው ወር የለቃሚዎች ተቆጣጣሪ ሊያደርጓት ወስነው ለራሷም ነግረዋታል።

ሔራን ሕጉን በኦሮምኛም በአማርኛም እያደረገች አስረዳች። ሴቶቹ እሷን ሳይሆን አቶ ፈለቀን ነው የሚያዩት። ዝምታው ሲረዝም እልህ ያዛቸውና፣ «በፈጣሪ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ። «ዛሬ እውነቱን የተናገረች ሴት ሥራዋን አታጣም። ተናገሩ።»

ኩልሱም ተነሣች። ከቀሚሷ በላይ የደረበችውን ሰፊ ሽርጥ አወለቀች። ከሥሩ ወገቧን ደጋግሞ የጠመጠመ መቀነት ነበር፤ እሱን መፍታት ጀመረች። ቢፈታ ቢፈታ አላልቅ አለ። ሲያልቅ ሆዷ ወደ ፊት ወጣ፤ እሷም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ሰባት ወሬ ነው አባ» አለች። «ወላሂ እርስዎን ለማታለል ብዬ አይደለም። እናቴም ልጆቼም ከእጄ ነው የሚበሉት።»

ከወዲያ ማዶ ሌላዋ ተነሥታ መቀነቷን ፈታች። ከአጠገቧ ያለችውም ተከተለች። ከዚያ ከበሩ በኩል አንዲት ቀጭን ልጅ፣ አቶ ፈለቀ ልጅ እግር ናት እያሉ ከባድ ኬሻ የሚያስጎትቷት፣ እያለቀሰች ፈታች።

አቶ ፈለቀ ደነገጡ። ሲደነግጡ ደግሞ እጃቸው የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ ሳያስቡት ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና «እግዚአብሔር በሰላም...» ብለው ጀመሩ።

ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዋይ አሉ። ኩልሱም ዘላ የተነሣውን ክንዳቸውን ያዘች። «አይመርቁኝ አባ። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አይመርቁኝ።»

አቶ ፈለቀ እጃቸው አየር ላይ እንደተያዘ ቀሩ። ሰው ምርቃት ሲሸሽ አይተው አያውቁም። ሕፃናት እንኳ ምርቃት ሲሰሙ አሜን ይላሉ።

«የምርቃቱን ቀን እኛ የቀብር ቀን ነው የምንለው» አለች ኩልሱም ክንዳቸውን ሳትለቅ። «በጉን እየጎተትን ሰፈር ስንደርስ ጎረቤት ሥራ ማጣታችንን ያውቅና ሊያጽናናን ይመጣል። ልያን ያስታውሷታል? አምና እዚህ ጠረጴዛ ሥር የወደቀችው?»

«ወባ የያዛት? መድኃኒቷን እንኳ የገዛሁላት እኔ ነኝ።»

«ወባ አልነበረም አባ። አጥብቃ ታስር ነበር። ልጁ አልተረፈም። እንዳይመርቋት ፈርታ ወባ ነው በሉልኝ አለችን።»

አቶ ፈለቀ ያገኙት ኬሻ ላይ ተቀመጡ። እንደ ውለታ ያዩት የነበረው ምርቃት ስንት ሴት እንዳስፈራ፣ ስንቷ በፍርሃት ሆዷን እንዳሰረች ሲያስቡ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ማንሣት አቃታቸው። «እኔ እኮ አቧራው እንዳይጎዳቸው ብዬ ነው» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ።

«አቧራው የሚጎዳ ከሆነ ሁሉንም ነው የሚጎዳው አባባ» አለች ሔራን በለዘበ አነጋገር። «መስኮቱን ያስፉ፣ የአፍ መሸፈኛ ይስጡ። ኬሻ መጎተቱን እርጉዟ ትተወው። ሴቷን ማስወጣት አቧራውን አያስወጣም።»

«ወጪው አያጠፋኝም?»

«እጇ የሠለጠነውን መርቀው ይሸኙና ጥቁሩን ከደህናው የማትለይ አዲስ ያስገባሉ። እሷ ሥራውን እስክትለምድ ቡናዎ አይበላሽም?»

አቶ ፈለቀ አንገታቸውን ነቀነቁ። ገዢዎች ቡናዎ አንዳንዴ አልተለቀመም እያሉ ሲመልሱባቸው ለዓመታት ማሽኑን ነበር የሚወቅሱት።

በዚያው ሳምንት የድርጅቱ ደንብ በሁለቱም ቋንቋ ተጽፎ በሠራተኛው ፊት ተነበበ። ያረገዘች አትሰናበትም፣ ከነደመወዟ ታርፋለች፣ ቦታዋ ይጠብቃታል፤ ማሽን መማር የፈለገች ትማራለች፣ ዕድገትም በችሎታ ይሆናል። ሔራን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ወንዶቹንም ሴቶቹንም ስለ ሕጉ አስተማረች። ቲጃኒ መጀመሪያ ላይ ለሴት ማሽን አላሳይም ብሎ አኩርፎ ነበር። አምና እግሩ ተሰብሮ ሲተኛ ቦታውን የጠበቁለት ለምን እንደሆነ አቶ ፈለቀ ራሳቸው ሲጠይቁት ግን አፈረ፤ በማግሥቱ ማስተማር ጀመረ።

አቶ ፈለቀ ጊንጆ ሰፈር ድረስ ሄደው፣ ከዚያ ሕመሟ ወዲህ ሥራ ያቆመችውን ልያን ይቅርታ ለመኗት፤ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኩልሱም በሰላም ወለደች፣ ዕረፍቷን ጨርሳም ተቆጣጣሪ ሆነች። የቡናው ጥራት ተሻሻለ፤ ሠራተኛ መቀያየሩ ቀረ፤ መስኮቱ ሲሰፋ የወንዶቹም ሳል ቀነሰ። ሌሎች ቡና ነጋዴዎች መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ ከዚያ አንድ ሁለቱ መጥተው ደንቡን ተዋሱ።

በተከታዩ ዓመት አንድ ጠዋት ዮርዲ የምትባል አዲስ ሠራተኛ ቢሯቸው ገብታ ቆመች። ሽርጧ ልቅ ነው፤ ከሥሩም ምንም አልታሰረም።

«ጋሼ፣ አርግዣለሁ» አለች።

አቶ ፈለቀ ደነገጡ። ድርጅቱን ካቋቋሙ ጀምሮ ይህን ቃል ሳይጠይቁ ከሠራተኛ አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምስጢር የሚጠብቁላት መስሏቸው፣ «ሌላ ማን ያውቃል ልጄ?» አሏት።

«ሁሉም ያውቃል። እኔ የመጣሁት የማሽን ሥልጠናዬ ከወሊድ ፈቃዴ በፊት እንዲያልቅልኝ ቲጃኒን እንዲነግሩልኝ ነው።»

አቶ ፈለቀ ተነሥተው በሩን ከፈቱና ቲጃኒን ጠሩት።