ሦስተኛዋና አምስተኛዋ

ደህና አደርሽ፣ እህት ዓለም? ወገብሽስ ተሻለሽ? ቁጭ በይ እንጂ፣ ቆመሽማ አትፈርሚም። የማስወገጃውን ቅጽ ይዘሽ ነው አይደል? ይሄ ለፋብሪካችን የክር ቀለም የሚመጥነው አሮጌ ኮምፒዩተር ከነባለሙያው፣ ማለቴ ከኔ ጋር፣ ዛሬ ይሰናበታል። አንቺ የንብረት ክፍል ሰው ምን ታደርጊ፣ ታዘሽ ነው... በሩን? ተዪው፣ ክፍት ይሁን። የአለቃው ቢሮ ትይዩ ቢሆንስ? የምንደብቀው ነገር አለን እንዴ?

ስም አላነሳም። ግን እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? በተሾመ በሳምንቱ፣ ማንም ሳያዘው፣ እጅጌውን ሰብስቦ የማሽኑን ክዳን ከፈተ። አቧራውን ጠረገ፤ እሰይ። ክዳኑ ውስጥ በኔ እጅ የተሞነጫጨረች ቢጫ ወረቀት ተለጥፋ ነበር፤ እሷንም በጥፍሩ ፋቃት። ቆሻሻ መስላው ነዋ! ለማንበብ ጊዜ የት አለው...

ከዚያ ተጨማሪው የሜሞሪ ካርድ ላይ ስምንት ሚጢጢ ስዊቾች አየ። ሦስተኛዋና አምስተኛዋ ወደ ላይ፣ የቀሩት ወደ ታች፤ ልክ ወረቀቷ ላይ እንደጻፍኩት። ሥርዓት የሚወድ ሰው ይሄን እንዴት ይቻለው? ሁሉንም ወደ ታች አሰለፋቸው። ሲያምር ብታዪ!

እነዚያ ስዊቾች ለካርዱ አድራሻ የሚሰጡ ናቸው... ግን ይሄ የኛ የተራዎቹ ወሬ ነው። ሁሉም ወደ ታች ሲሆኑ፣ ካርዱ ሄዶ የማሽኑ የራሱ ሜሞሪ ቦታ ላይ ይሰፍራል። ማሽኑ አንዱን ሲጠራ ሁለቱም «አቤት!» ይላሉ። ግራ ይገባውና ዝም ይላል። በሰው ቦታ ገብቶ «አቤት» ማለት ማሽን ላይ ብልሽት ነው፤ ሰው ላይ ሲሆን ነው ሹመት የሚባለው።

ስክሪኑ ጨለመ። እሱ ደግሞ መላ አያጣም! ስክሪን አስቀየረ። ጨለመ። ሌላ አስቀየረ። ሦስተኛውም ሲጨልም፣ «በባለሙያው ቸልተኝነት የተበላሸ» ብሎ ጻፈልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ስሜን ያስታወሰ አለቃ አልነበረም፤ ውለታ አይደል? ክዳኑንም «ያለ ኃላፊው ፈቃድ አይከፈትም» ብሎ አሸገው። ለኔው አስቦ ነው፣ እንዳልደክም...

አንቺ ግን ስትረከቢ ከፍተሽ ዕቃውን ታያለሽ፤ ደንብሽ ነው። በይ ክፈቺው። ያቺን ሦስተኛዋን በእስክሪብቶሽ ጫፍ ወደ ላይ... እንዲያ። አምስተኛዋንም። ወረቀቷ ብትፋቅ የኔ ጭንቅላት አልተፋቀ! አሁን አብሪው።

አየሽ? ቀለሞቹ አንድ ሳይቀሩ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ከሦስቱ ስክሪኖች አንዱም አልታመመም ነበር ለካ። ቅጹን እጠፊው፤ ወይም ለላከሽ መልሺለት፣ ንጹሕ ወረቀት ይወዳል።

ከትይዩው ቢሮ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ ልበል? ይስማ፣ ምርቃት ነው። እግዜር ዕድሜውን ያርዝምለት። ሥራውን እየወደደ፣ እንደኔ ፀጉሩ እስኪሸብት እዚሁ ያቆየው። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ልክ እንደኔው ጡረታው አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ቁርጥ ራሱን የመሰለ አለቃ ይስጠው። አሜን በይ እንጂ፣ እህት ዓለም!