እንዲፈታ የተሰፋ ኪስ

በእኛ ጊዜ ስፌት የሚመሰገነው ባለመፈታቱ ነበር፤ ዘይነባ፣ ጎረቤቴ ነሽና ታውቂዋለሽ፣ ግን ጻፊው። እኔ ሰይድ፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ በአንዲት የስፌት መኪና ጀምሬ አራት ያደረስኩ ሰው፣ የሰፋሁት ሱሪ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይፈታም። ባለቤቴ ፋጡማ፣ አላህ ይዘንላት፣ እያንዳንዱን ስፌት ስባ ሳትፈትን ልብስ ከሱቅ አይወጣም ነበር።

ታዲያ እሷ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት አንድ መቶ አለቃ ከኮምቦልቻ መጣ፣ ሄሊኮፕተር አብራሪ ነው፣ እና ሲበር የሚለብሰው፣ ትከሻው የተቀደደ ሰደሪያ ይዟል። ሰደሪያው ኪስ ብቻ ነው! ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ኪስ። መስታወት፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ ኮምፓስ፣ ሬድዮ፣ እያወጣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረው።

«ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?» አልኩት።

ሳቀና «ጋሼ፣ ትከሻውን ብቻ ይጠግኑልኝ፣ ሌላውን አይንኩት» አለኝ።

እኔ ግን አየሁ። የሬድዮው ኪስ ክዳን በአንዲት ቀጭን ክር ብቻ ተይዟል። «ይሄን የሰፋው ሰነፍ ነው» አልኩና፣ ለልጁ አዝኜ፣ በወፍራም ክር ሦስት ጊዜ ደገምኩበት። ምርቃት ነው ብዬ አልነገርኩትም። ከሰዓት መጥቶ ወሰደው።

በማግስቱ ጠዋት እዚሁ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ለብቻዬ ቁርስ ላሰናዳ የዱቄት ከረጢት አነሳሁ፣ እና የክሩን ጫፍ ሳብ ሳደርገው ትርርር ብሎ ባንዴ ተፈታ። ይሄ ክር እኮ እንዲፈታ የተሰፋ ነው! የሰውየውም ኪስ እንዲሁ ነው! ቢወድቅ፣ አንድ እጁ ቢሰበር፣ በሌላው ስቦ ሬድዮውን እንዲያወጣ ነው። እኔ ቆለፍኩበት። ፋጡማ ብትኖር ስባ ታየው ነበር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ለምን እምቢ አለ?» ትለኝ ነበር።

ታዲያ ምላጬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ እና ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ አልቆጠርኩም፤ እኔ፣ አልቆጠርኩም!

ኮምቦልቻ የአየር ማረፊያው በር ላይ ጥበቃው፣ «አባባ፣ ምን ፈለጉ?»

«ከደሴ የመጣሁት የሰፋሁትን ልፈታ ነው።»

«ስፌት ለመፍታት ከደሴ ድረስ?» ሳቀብኝ።

«ልጄ፣ ወላሂ የሰው ነፍስ ነው፣ ትናንት ሰደሪያ ያሰፋውን አብራሪ ጥራልኝ!»

መቶ አለቃው ሰደሪያውን ለብሶ ወጣ። «በአንድ እጅህ ሳበው» አልኩት። ሳበ፣ እምቢ አለ። ደግሞ ሳበ። ፊቱ ተለወጠ። ደረቱን ሰጠኝ፣ እና እዚያው እንደቆመ በምላጭ በጠስኩት፤ መቶ አሥራ ሁለት ቦታ። ከዚያ በቀጭን ክር ያዝ አደረግኩለት።

«አፉ በለኝ» አልኩት፣ «ግን ብቻህን ጫካ ብትወድቅ እንደሚፈልጉህ በምን ታውቃለህ?»

«ስነሳ ሰዓቱን የሚጽፍ ሰው አለ ጋሼ። በሰዓቴ ካልተመለስኩ ወዲያው ያውቃል።»

ታዲያ ሚኒባሱ ውስጥ ይሄንኑ ሳስብ መጣሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሦስቱም ሩቅ ናቸው። ዕድሜዬን ሁሉ ስቆጥር ኖሬ እኔን የሚቆጥር የለም። እዚህ ወለል ላይ ብወድቅ ሰዓቱን ማን ጽፎልኛል? ይሄን እንኳ አትጻፊው።

እኔ ዘይነባ ግን ጻፍኩት፣ እና እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ መስኮትዎን የከፈቱት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ትናንት ልክ አንድ ሰዓት ላይ። ሐሙስ ዕለት እስከ ሁለት ሰዓት ሳይከፍቱ ሲቆዩ ‹ዱቄት ያበድሩኝ› ብዬ ያንኳኳሁት ዱቄት አጥቼ መሰለዎት?»